ከደጋ የወደቀ፣ አፋር ያልደረሰ ሜዳ

ከወሎ ደጋ ወደ አፋር የሚወርድ ሰው የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። በላስታ በኩል አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ቆሟል፤ ሚሌ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መሬቱ ግን በአንድ ትንፋሽ አይወርድም። ከወልድያና ከመርሳ ተራሮች ግርጌ ድንገት ለጥ ያለ ሜዳ ይመጣል፤ የሐራ ከተማ ያለችው እዚያ ነው። ከሜዳው ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ መሬቱ እንደገና ተነሥቶ ሸንተረር ይሠራል። ጭፍራና የአፋር በረሓ ከዚያ ሸንተረር ኋላ ናቸው። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራበት፣ አፋሩ ፍየሉንና ግመሉን ነድቶ ለገበያ የሚመጣበት ይህ ሜዳ፣ ከደጋው ወድቆ አፋር ሳይደርስ የቀረ ቁራጭ መሬት ነው። አወዳደቁን ለማወቅ 30 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን ቀይ ባሕር የሚባል ነገር አልነበረም። የመንና ወሎ በአንድ አህጉር ላይ የተቀመጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። ከምድር ጥልቀት የመጣ ሙቀት አህጉሩን ከሥር ገፍቶ አሳበጠው፤ ምድሪቱም በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ቅልጥ ድንጋይ አፈሰሰች። ከአንድ ተራራ አናት የሚተፋ እሳተ ገሞራ አልነበረም፤ አገር የሚያለብስ ጎርፍ ነበር። አንዱ ፍሰት ሲረጋ ሌላው በላዩ ይመጣል፤ እንዲህ እየተደራረበ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። አብዛኛው ንብርብር የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የዕድሜ ልኬት አሳይቷል። በጂኦሎጂ አቆጣጠር ይህ ጥድፊያ ነው። ዛሬ ከወልድያ ወደ ደላንታ ስንወጣ ገደሉ ላይ እንደ ደረጃ የምናየው ጥቁር ንብርብር ሁሉ የዚያ ጥድፊያ ሥራ ነው።

የፈሰሰው ባዛልት ብቻ አልነበረም። በየመካከሉ በፍንዳታ የተበተነ አመድ እየረጋ ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ ድንጋይ ሆኗል። በደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቶች ገደል ላይ ተንጠልጥለው ኦፓል የሚቆፍሩት ከእንዲህ ያለው የአመድ ንብርብር ነው። ውሃ በአመዱ ውስጥ እየሰረገ፣ ሲሊካውን እያሟሟ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እያስቀመጠ የሠራው ጌጥ ነው። ፈልፋዩ ቀጭኗን ንብርብር ብቻ ተከትሎ ወደ ገደሉ ሆድ ይገባል፤ ከላይም ከታችም ያለው ድንጋይ ለእሱ ከንቱ ነው።

ጎርፉ ካበቃ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ29 እስከ 26 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ አህጉሩ መቀደድ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ስንጥቆች የተከፈቱት ዛሬ የወሎና የትግራይ ገደል አፋፍ ባለበት መስመር ነው። ዓረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መራቅ ጀመረች፤ በኋላም ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ፤ አፋር ደግሞ በሁለቱና በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መገናኛ ላይ ቀጥኖ ሰመጠ። ዛሬም ዓረቢያ ከአፍሪካ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ የጣት ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት ብዙ አይለይም፤ ብቻ ጥፍሩን የሚቆርጥ የለም።

ለሐራ ወሳኙ ጊዜ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። መቀደዱ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር መሐል ተሻገረ። ቅልጥ ድንጋዩም፣ እሳተ ገሞራውም ወደዚያው ሄደ። ከኋላ የቀረው ጠርዝ ግን አንድ ጎኑ ከወፍራምና ቀላል ደጋ ጋር ተጣብቆ፣ ሌላው ጎኑ ወደሚሰምጠው አፋር እየተጎተተ መታጠፍ ያዘ። በመሶብ አፍ ላይ የተዘረጋ የደረቀ እንጀራ ጠርዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ከላይ በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ የታጠፈው ምድርም ከላይ ተሰነጠቀ። በስንጥቆቹ መካከል የነበረው ቁራጭ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ከምሥራቅ ያለው ጎን ቆሞ ቀረና ሸንተረር ሆነ። ከማይጨው ጀምሮ በራያ፣ በቆቦ፣ በሐራና መርሳ፣ በሐይቅ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ እስከ ሰሜን ሸዋ ድረስ ገደሉን ተከትለው የተደረደሩት ሜዳዎች ሁሉ በዚህ መንገድ የተቀመጡ ናቸው። ጂኦሎጂስቶች የጠርዝ ስምጦች ይሏቸዋል። ለምን እንዲህ እንደወደቁ ግን ከአንድ በላይ ሐሳብ አለ። ጂኦሎጂስቶቹ ዝዋን፣ ኮርቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ግምገማ ሐሳቦቹን ሲመዝኑ ያደሉት ወደ መታጠፉ ነው። እኔም መሬቱን ሳየው እሱ ይቀናኛል።

ሜዳው ከተቀመጠ በኋላ ሥራው የውሃ ሆነ። ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ድንጋይ፣ አሸዋና ጭቃ እያመጡ ጉድጓዱን ሞሉት። በቆቦና በጊራና ሜዳ ላይ ደለሉ በብዙ ቦታ ከ100 ሜትር ይጠልቃል። ወንዞቹም ቢሆኑ የምሥራቁን ሸንተረር ሳያልፉ አፋር መድረስ አይችሉምና እያንዳንዱ የየራሱን በር ፈለገ። ጎሊና ሸንተረሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ሚሌ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ከሱሉላ በስተምዕራብ ተነሥቶ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ አፋር ሳይሆን ወደ ሰሜን ነው፤ ሜዳውን ተከትሎ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አዋሽን የሚቀላቀለው። ከካርታ ላይ መታጠፊያውን ያየ ሰው የወደቀውን መሬት አቅጣጫ በጣቱ መከተል ይችላል። በር ያጣው ውሃ ደግሞ ሐይቅ ሆነ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ በምድር ላይ መውጫ የሌለው ነው፤ አሸንጌም መውጫ የለውም።

ከደጋው የታጠበው አፈር ሸንተረሩን አልፎ አፋር ውስጥ የሠራው ነገርም አለ። ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የሚመሩት የወራንሶ ሚሌ የምርምር ቡድን በ2008 ዓ.ም. ሚሮ ዶራ በተባለ ስፍራ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው ዘር ቅድመ አያት የራስ ቅል አገኘ። ፊቱ ሙሉ ነው ለማለት የሚያስደፍር ቅሪት ነው። የተቀበረው ወንዝ ወደ ጥንታዊ ሐይቅ በሚገባበት የደለል ክምር ውስጥ ነበር። የራስ ቅሉን ሸፍኖ ያቆየው ደለል የወረደው ደግሞ ከደጋው ሳይሆን አይቀርም።

ሰው በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ሲሰፍር ስንጥቁን ሳያውቅ ተከተለው። ሞቃት ነው፣ ውሃ አለ፣ አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳማቸውን ያጸኑት ከስምጥ ሐይቆቹ በአንዱ ላይ ነው። የየጁ ባላባቶች ኃይላቸውን ያደራጁት ከደጋው አፋፍና ከታች ባለው ሜዳ መካከል፣ ሁለቱንም በሚመለከቱበት ቦታ ነው። የሐራ ገበያም የተፈጠረው በዚሁ ጂኦግራፊ ነው፤ የደጋው እህል ከአፋሩ ከብትና ቅቤ ጋር የሚገናኘው ለሁለቱም ሩቅ ባልሆነው፣ ግመልም በቅሎም ሊያርፉበት በሚችሉት ሜዳ ላይ ነው።

ድንጋዩን በጂኦሎጂ ዐይን ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ከዘመቻ ጋር የመጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲመጣ ከሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ሰው አብሮ መጣ። ጦሩ ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አለፈ፤ ከዚያ በዋድላና በደላንታ ወደ መቅደላ ዘለቀ። የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች የተሻገረው ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ለማጓጓዝ ባስቀደዱት መንገድ ነው። መንገዱ የተቀደደው በገደል ወገብ ላይ ስለነበር የድንጋዩ ንብርብር ሁሉ ተገልጦ ታየ። ብላንፎርድ ሲወርድና ሲወጣ ሲቆጥር ቆየና እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ከታች ያለውን ንብርብር የአሸንጌ፣ ከላይ ያለውን የመቅደላ ድንጋይ አለው። የንጉሠ ነገሥቱ ሞት በሁላችንም ዘንድ ይታወቃል፤ ከዚያ ዘመቻ ለዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት የተረፈው ግን የሁለት የወሎና የራያ አካባቢ ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ጣሊያን በወረራው ዓመታት የአዲስ አበባንና የአስመራን ጎዳና ሲሠራ መሐንዲሶቹ የጠርዝ ስምጦቹን አገኟቸው። ከአፋፉ በላይ መሄድ ብዙ ሸለቆ ያሻግራል፤ በአፋር መሄድ ሙቀትና አሸዋ አለው። መካከለኛዋ መሥመር፣ ከሰንበቴና ከሚሴ በኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ በመርሳ፣ ከወልድያ በቆቦና አላማጣ ያለችው፣ ተመረጠች። ትልቁ የአገሪቱ የሰሜን ጎዳና የቆመው እንግዲህ በሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ላይ ነው ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም ዕዳው ተጠየቀ።

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ አቋቁመው ነበር። መሣሪያዎቹ ገና አዲስ ሳሉ፣ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከከሚሴ በስተደቡብ ያለው የካራቆሬ አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ የሚተው አልነበረም። እስከ ነሐሴ ድረስ እያረፈ እየተነሣ ቀጠለ፤ ትልቁ በግንቦት መጨረሻ የደረሰ ሲሆን መጠኑ 6.5 አካባቢ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በካራቆሬ ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጋው ወደቀ። 5 ሺህ ያህል ሰው መጠለያ አጣ። ከካራቆሬ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋና ጎዳና በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ፤ መሬቱ ራሱ ተሰንጥቆ ታየ። ጉዋን በኋላ ከጥንት ዜና መዋዕሎች፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከጣቢያቸው መዝገብ ሰብስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚያወሳውን ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። ከካራቆሬ በፊት ስምጦቹ የሞቱ ናቸው ማለት ይቻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አይቻልም። ካራቆሬ ያለችበት ስምጥ ሐራ ካለችበት ጋር አንድ ሰንሰለት ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ ተራው የአፋር ሆነ። ከአሰብ በሚመጣው መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ በአንድ መንቀጥቀጥ ጠፋች፤ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ሰሞን ሃሩን ታዚየፍ፣ ጆርጆ ማሪኔሊ፣ ፍራንኮ ባርቤሪና ዣክ ቫሬ የነበሩበት የጣሊያንና የፈረንሳይ የጂኦሎጂ ቡድን ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ አፋርን በመኪናና በሄሊኮፕተር እያሰሰ ካርታዋን ይሠራ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በበኩሉ የእንፋሎት ኃይል ጥናት አስጀመረ። ጥያቄው ተለወጠ፤ ከመሬት ሥር ያለው ሙቀት መብራት ይሰጣል ወይ የሚል ሆነ።

ሙቀቱን የገበሬው ልጅም ያውቀዋል። በደቡብ ወሎ፣ በሐርቡ አጠገብ፣ ቦርከና ስምጥ ውስጥ ያለው ፍል ውሃ ለቁርጥማትና ለወገብ ሕመም ብሎ የሚመጣ ሰው አጥቶ አያውቅም። አንዳንዱ ፎጣውን ይዞ ቀጥታ ይገባል፤ አንዳንዱ እግሩን ብቻ ነክሮ መጀመሪያ ትንሽ ይሞክራል። ውሃው የሚሞቀው ሐርቡ ሥር እሳት ስለሚነድ ነው ማለት ግን አይደለም። መንገዱ ሌላ ነው። ክረምት በአፋፉ ላይ የሚወርደው ዝናብ በባዛልቱ ንብርብሮች መካከል ባሉ ስንጥቆች ይሰርጋል። ዋናውን ስንጥቅ፣ ማለትም ስምጡን ያወረደውን፣ ሲያገኝ ቁልቁል ይነጉዳል። በተራ መሬት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል፤ ምድሩ በቀጠነበት በስምጥ አካባቢ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ውሃው ከዚያ ጥልቀት ሞቆ፣ ድንጋዩንም እያሟሟ፣ በሌላ ስንጥቅ ተገፍቶ ይወጣል። ይዞት የመጣው ማዕድን ሲቀዘቅዝ ግን በመንገዱ ላይ ስለሚረጋ፣ ጊዜ ካለፈ ስንጥቁ ይደፈናል። ፍል ውሃ እየፈለቀ ለመኖር ከፈለገ መንገዱ በየጊዜው እንደገና መሰበር አለበት። ሰባሪው መንቀጥቀጥ ነው። ጂኦሎጂስት ፍል ውሃዎቹን በካርታ ላይ አስቀምጦ በመሥመር ሲያገናኛቸው ያልሞተውን ስንጥቅ እያሰመረ ነው።

አፋር ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ቅልጡ ራሱ ቅርብ ነው። ሎግያ አጠገብ አላሎባድ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ይነሣል። ከዚያ ብዙ በማይርቀው ተንዳሆ ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በጣሊያን ድጋፍ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኘ። መብራት ማመንጨት የተጀመረው ግን በአሉቶ ላንጋኖ፣ በትንሹ ነው። ሐራና መርሳ ያለው ሙቀት ከሐርቡው ጋር የሚመደብ ነው ማለት ደፋርነት ይሆናል፤ ስንጥቁ ግን ያው ነው።

ለሐራ ሜዳ በዚህ ዘመን ከሙቀቱ ይልቅ የጠቀመው ደለሉ ነው። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ወሎ ላይ የዘነበው ጥናት ብዙ ነበር፤ በ1990ዎቹ የቆቦና የጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የሚባለው ጥልቅ ጉድጓዶችን እያስቆፈረ ገበሬውን በመስኖ ማሳተፍ ጀመረ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ከዓመታት በፊት በደጋው አፋፍ የወረደ ዝናብ ነው፤ ስምጡ ባይወድቅ ኖሮ ደለሉ የሚከማችበት ጎድጓዳ አይኖርም፣ ውሃውም ወደ አፋር ሄዶ ይተን ነበር። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ የመርሳ ማንጎና ፓፓያ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። የፓምፕ ሞተር ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ግን ይህ ሁሉ ጂኦሎጂ ለአንድ ሳምንት ያህል እንኳ ተክል አያጠጣም።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም፣ አፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር እንደ ገና መቀደድ ጀመረች። መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ዳ ኡሬ በተባለ ስፍራ አመድና ድንጋይ ተፈናጠረ። ቡድኖች ሄደው ሲያጠኑት 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቅልጥ ድንጋይ ግድግዳ ከምድር ሥር ሰርጎ መግባቱን፣ መሬቱም እስከ 8 ሜትር መከፈቱን አገኙ። በመማሪያ መጽሐፍ የነበረው የአህጉር መቀደድ በሳተላይት ተለካ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች በአፋርና በጠርዙ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎችን በብዛት ተከሉ። መለኪያዎቹ ያሳዩት የጠርዝ ስምጦቹ በዝምታ ያሉ ቢመስሉም በትናንሽ መንቀጥቀጦች በየጊዜው የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን ነው።

ሐራ ራሷ በዓለም ሰነዶች ላይ የወጣችው በባቡር ነው። በ2004 ዓ.ም. የቱርኩ ያፒ መርከዚ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መሥመር ለመሥራት ውል ፈረመ፤ የቻይና ኩባንያ ደግሞ ከመቀሌ ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣውን ያዘ። ሦስተኛው ክንድ ወደ ምሥራቅ፣ በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ወደብ እንዲወርድ ታሰበ። የአንድ ገበያ ስም በቱርክና በቻይና ኩባንያዎች የውል ወረቀት ላይ መጻፉ ያስገርማል። ምርጫው ግን በአጋጣሚ አልነበረም። መሐንዲሶቹ ኮምቦልቻን በ1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለፉ በኋላ በዋሻና በድልድይ እየወረዱ የሚያርፉበት ሰፊ ሜዳ አስፈለጋቸው፤ ወደ አፋር የሚያሳልፍ በርም እንዲሁ። ሁለቱም እዚህ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ የባቡሩ ሥራና ንብረትም አልተረፈም።

በ2017 ዓ.ም. ከሐራ በስተደቡብ ርቆ፣ በአዋሽ ፈንታሌና ዶፈን መካከል፣ መንቀጥቀጡ ለወራት ቆየ። ሰው ከቀየው ተፈናቀለ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ተነሣ። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ በዶፈን ግርጌ እንፋሎትና ጭቃ እየጮኸ ሲወጣ ብዙዎች እሳተ ገሞራ ፈነዳ ብለው ነበር፤ የወጣው ግን መንገዱ ድንገት የተከፈተለት ሙቅ ውሃና እንፋሎት ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሐይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ።

ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ሕግ አላት፤ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ በ2015 ተሻሽሏል። በሕጉ ካርታ ላይ ከፍተኛው አደጋ የሚታየው በስምጥ ሸለቆውና በደጋው ምሥራቃዊ አፋፍ ላይ ነው። የስምጥ ሜዳ ያለው ችግር ደግሞ የራሱ ነው፤ ጠጣር ድንጋይ ላይ አጭር ሆኖ የሚያልፈው ንዝረት ልል ደለል ውስጥ ሲገባ ይጨምራል፣ ይቆያልም። መስኖውን የሚሰጠው ያው ደለል ነው። ሐራ ላይና በመርሳ የታችኛው ሜዳ ላይ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ጂ ፕላስ ሦስት እየተባለ ሲነሣ የግንበኛውም የባለ ሕንፃውም ጭንቀት ብረትና ሲሚንቶ ስንት ገባ የሚለው ነው። ከመሠረቱ ሥር ያለው ደለል ስንት ሜትር ይጠልቃል ብሎ የሚጠይቅ ግን ገና አላጋጠመኝም።